ምንቃሯ የተጣመመ ዶሮ፦ ከሞረዱ በፊት ሳህኑ

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ዶሮ የሌለበት ግቢ ብዙ አይደለም። ደብረ ብርሃን ከተማ መሐል እንኳ ከጓሮ አምስት ስድስት ዶሮ፣ ከጣሪያ ሥር እርግብ፣ አልፎ አልፎም ከአዲስ አበባ በሽቦ ቤት ተጭና የመጣች ትንሽ በቀቀን አትጠፋም። ከነዚህ መሐል አንዳንዴ ምንቃሯ አልገጥም ያለ ትወጣለች። የላይኛው ወደ ቀኝ፣ የታችኛው ወደ ግራ ይሄዳል። ወይም ላይኛው ረዝሞ ይቆለመማል። ወይም ታችኛው ቀድሞ ወጥቶ ይቀራል።

ይህን ያየ ሰው ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። አንዱ "ይቺ አታድግም፣ ለበዓሉ ትታረድ" ይላል። ሌላው የጥፍር መቁረጫ ያነሣል። ሁለቱም ቸኩለዋል። ወፏን የሚጎዳት አብዛኛውን ጊዜ ጥመቱ ራሱ ሳይሆን ከጥመቱ የሚመጣው ረሃብና ጥማት ነው። ረሃቡ ደግሞ ሳህን በመቀየር ብቻ የሚቃለልበት ጊዜ ብዙ ነው። ለምን እንደተጣመመ ሳያውቁ መቁረጥ ግን "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" ነው የሚሆነው።

ምንቃር ውስጥ ምን አለ?

ብዙ ሰው ምንቃርን እንደ ደረቅ ነገር ያየዋል። ቢቆረጥ የማያም ይመስለዋል። ውስጡ ግን አጥንት አለ። ላዩ ላይ ደምና ነርቭ ያለበት ሕይወት ያለው ስስ ሽፋን አለ። ከዚያ በላይ ነው እኛ የምናየው ጠንካራ ቅርፊት፣ የሰው ጥፍርና የበሬ ቀንድ ሽፋን ከሚሠራበት ከኬራቲን የተሠራው። ቅርፊቱ ዕድሜ ልኩን ያድጋል፣ ጫፉ ደግሞ በመልቀም፣ በመጫርና በመሞረድ ያልቃል። ጤነኛ ወፍ ላይ እድገቱና ማለቁ ይመጣጠናሉ።

ከዚህ የሚወጣው ነገር ቀላል ነው፤ ብዙ ሰው ግን አያስተውለውም። የተጣመመው ቅርፊቱ ብቻ ከሆነ በመሞረድ ሊስተካከል ይችላል። አጥንቱ ተጣሞ ካደገ ግን አዋቂ ዶሮ ላይ ምንም ብትሞርዱት አይቀናም። ትርፉን እየቀነሳችሁ አብራችሁት ትኖራላችሁ፣ ያም አይከፋም። አንድ ነገር ልጨምር፦ የጤነኛ ዶሮ የላይኛው ምንቃር ከታችኛው በትንሹ ይረዝማል። ይህን አይተው "ረዘመባት" ብለው የሚቆርጡ ሰዎች አሉ፤ እባካችሁ ተዉአት።

ለምን ይጣመማል?

መጀመሪያ የምትጠይቁት ጥያቄ "ከመቼ ጀምሮ ነው?" የሚለው ይሁን። ከጫጩትነቷ ከሆነ አንድ መንገድ ነው። ደህና ኖራ ኖራ በኋላ ከመጣባት ግን ሌላ ነው፤ የኋለኛው ብዙ ጊዜ የበሽታ ወይም የአደጋ ምልክት ነው።

ከጫጩትነት የሚመጣው በተለይ የተሻገረው ዓይነት ነው። ስትፈለፈል ላይታይ ይችላል። በሳምንታት ውስጥ ትንሽ ዘንበል ይላል፣ ከዚያ እያደገች ስትሄድ ይብሳል። ዘር ትልቅ ድርሻ አለው። አንድ አውራ ዶሮ ለዓመታት ከገዛ ልጆቹ ጋር እየተዳቀለ የሚኖርበት ግቢ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር መደጋገሙ አይደንቅም። የማስፈልፈያ ማሽን ሙቀት መዛባትም ምክንያት ይሆናል። የእናቲቱ ምግብም እንዲሁ። እናት ዶሮ ባዮቲን ወይም ፎሊክ አሲድ የሚባሉት ቫይታሚኖች፣ ወይም ማንጋኒዝ የሚባለው ማዕድን ካጠራት፣ ችግሩ እሷ ላይ ሳይታይ እንቁላሉ ውስጥ ያለው ጫጩት ምንቃር ላይ ሊወጣ ይችላል።

እዚህ ላይ ስለኛ አገር ትንሽ ላውራ። የኛ ደጋ የገብስና የስንዴ አገር ነው፤ ዶሮውም ያንኑ ይበላል። ገብስም ስንዴም ባዮቲን የላቸውም አይባልም፣ ግን የዶሮ ሆድ ከነሱ አውጥቶ የሚጠቀምበት በጣም ጥቂቱን ነው። ፉርሽካም ፎስፈረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ ትንሽ ነው። ስለዚህ ታስራ ገብስና ፉርሽካ ብቻ የምትበላ ዶሮ ሆዷ ሞልቶም ሊጎድላት ይችላል። ውጭ ውላ ትልና ቅጠል የምትለቅመው ጎረቤቷ ይሻላታል። በቆሎ፣ የኑግ ፋጉሎ፣ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊትና ጎመን ሲጨመርበት ነገሩ ይለወጣል።

ቀጥሎ ፀሐይ አለች። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ብርዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ስለምትፈልግ በካርቶን ተደርጋ ከአምፖል ሥር ቤት ውስጥ ትከርማለች፤ ልክ ነው። ግን ብዙዎቹ ከዚያ ካርቶን ሳይወጡ ሳምንታት ያልፋሉ። ቫይታሚን ዲ የተጨመረበት የጫጩት መኖ ካልበሉና ፀሐይ ካላገኙ አጥንታቸው ይለሰልሳል። ምንቃራቸውም በጣት ሲጫኑት የሚታጠፍ ይሆናል። እንዲህ የለሰለሰ ምንቃር ወለል በነካ ቁጥር ይጣመማል። በመስኮት መስታወት የሚገባው ፀሐይ ሙቀት እንጂ ቫይታሚን አይሰጥም፣ ቫይታሚኑን የሚያሠራውን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋል። ረፋድ ላይ ነፋስ በሌለበት ቦታ፣ ጭልፊት እንዳይወስዳቸው በሽቦ ከልላችሁ ለጥቂት ጊዜ አውጧቸው።

ሦስተኛው፣ ተቆርጦ የመጣ ምንቃር ነው። ይህ በሽታ አይደለም። ትላልቅ የዶሮ እርባታዎች ዶሮዎቹ እርስ በርስ እንዳይናከሱ በጫጩትነታቸው የምንቃራቸውን ጫፍ በጋለ ምላጭ ወይም በጨረር ይቆርጣሉ። እንቁላል ጣይ ቄብ ገዝታችሁ የላይኛው አጥሮ፣ ታችኛው እንደ አካፋ ወጥቶ ካያችሁ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ሥራው በጥንቃቄ ካልተሠራ ከአጥንቱ ጋር ይቆረጣል፣ የተቆረጠው ነርቭም ለረጅም ጊዜ ሊያማት ይችላል። ስዊድንና ኖርዌይ ይህን አሠራር ከልክለዋል። ስትገዙ የቄቡን አፍ ከፈት አድርጋችሁ እዩ፤ የሸማች መብት ነው፣ ሻጩ ቢያጉረመርምም።

አራተኛው አደጋ ነው። በር ይቆነጥጣታል፣ ውሻ ይነክሳታል፣ እርግብ ከመስታወት ጋር ትላተማለች። የተሰነጠቀው ቅርፊቱ ብቻ ከሆነ እያደገ ይተካል። አጥንቱ ተሰብሮ ከወደቀ ግን አይበቅልም። ኮስታሪካ ውስጥ በ2015 እ.ኤ.አ. የላይኛው ምንቃሩ ተሰብሮ የተገኘ ግሬሲያ የሚባል ቱካን ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በሦስት ገጽታ (3D) ማተሚያ የተሠራ ሰው ሠራሽ ምንቃር ተገጠመለት። ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ እኛ ዘንድ ግን የተሰበረባት ዶሮ ዕጣዋ የሚወሰነው ለስላሳ ምግብ በማግኘቷ ነው።

አምስተኛው በሽታ ነው፣ ዓይነቱም ብዙ ነው። የዶሮ ፈንጣጣ በምንቃር ጥግና በዐይን ዙሪያ ኪንታሮት የሚመስል ቅርፊት ያወጣል። የሚያዛምተው በአብዛኛው ትንኝ ነው። ስለዚህ ከደብረ ብርሃን ይልቅ ወደ ሸዋ ሮቢትና ወደ ቆላው ስትወርዱ ይበልጥ ጠብቁት። ቆዳ ላይ ያለው በሳምንታት ውስጥ ራሱ ይረግፋል፤ በጥፍር አትላጡት። አፍ ውስጥ የሚወጣው ዓይነት ግን አየር ይዘጋል፣ አደገኛ ነው። ክትባት አለው። ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የዶሮ ክትባቶችን ያመርታል፤ ወረዳችሁ ያለውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ስለ ፈንጣጣው ክትባት ጠይቁት።

እርግብ ያላችሁ ሰዎች አፏን ከፍታችሁ ጉሮሮዋን እዩ። ቢጫ፣ አይብ የመሰለ ነገር ካለ ምንቃሯ የማይገጥመው በዚያ ምክንያት ሊሆን ይችላል። በዐይን በማትታይ ጥገኛ ነፍስ የሚመጣ በሽታ ነው፣ መድኃኒትም አለው። ግን ካልፈጠናችሁ በረሃብ ትሞታለች።

የሽቦ ቤት ትንንሽ በቀቀኖች ላይ ደግሞ ሁለት ነገር ይደጋገማል። አንዱ ሚጥሚጣ የምታክል እንኳ የማትሆን፣ በዐይን የማትታይ የእከክ ተባይ ናት፤ ምንቃሩና አፍንጫው ዙሪያ ብዙ ቀዳዳ ያለበት ነጭ ሻካራ ቅርፊት ትሠራለች። ሁለተኛው ጉበት ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ሱፍና ሌላ ጥሬ ብቻ የበላች በቀቀን ጉበቷ በስብ ይሞላል። ምንቃሯ ከልክ በላይ ይረዝማል፣ ጥቁር የደም መስመርም ይታይበታል። እንዲህ ያለችውን መሞረድ ምልክቱን መደምሰስ ነው፣ በሽታው ውስጥ ቁጭ ብሏል። ላባዋም አብሮ የሚረግፍና የሚጣመም ከሆነ ግን መድኃኒት የሌለው የበቀቀኖች የቫይረስ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ከሌሎቹ ለይዋት። ወደ ሰው አይተላለፍም።

ስለ በቀቀን ካነሣን፣ በኛ ደጋ ጫካዎች ጥቁር ክንፍ ያላት አረንጓዴ ትንሽ በቀቀን አለች። ቆንጆ ናት። ይዛችሁ ቤት አታስገቧት፤ የዱር ወፍ ያለ ፈቃድ መያዝ በሕግ ያስጠይቃል።

እንዴት ትብላ?

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት ጎረቤቴ ቀይ ዶሮ አላቸው፣ ምንቃሯ ክፉኛ የተሻገረ። ቀኑን ሙሉ ስትለቅም ነው የምትውለው። እሳቸውም "በልታ አትጠግብም እንጂ ትበላለች" ይላሉ። ቁጭ ብላችሁ ከቅርብ ስታዩዋት ግን የምትበላ አይደለችም። ጠፍጣፋ ትሪ ላይ የተበተነውን ገብስ ትመታለች። የላይኛው ጫፍ ከፍሬው ጎን ያርፍና ፍሬው ይፈናጠራል። ሌላውን ትመታለች፣ እሱም ይፈናጠራል። ከብዙ ሙከራ አንድ ፍሬ ጉሮሮዋ ይደርሳል። እስከዚያ ሌሎቹ ጨርሰውት ይሄዳሉ።

"እትዬ፣ ትሪው ይቅርና በቆርቆሮ ያድርጉላት" አልኳቸው።

"ኧረ ተወኝ ልጄ፣ ዶሮ በቆርቆሮ ስትበላ የት አየህ?"

አደረጉላት ግን። የቲማቲም ድልህ ባዶ ቆርቆሮ፣ አፉ እንዳይቆርጣት ወደ ውስጥ የተቀጠቀጠ፣ ውስጡ አራት ጣት ያህል በውሃ የተለወሰ መኖ። ዶሮዋ አንገቷን ከተተችና በታችኛው ምንቃሯ እየዛቀች ዋጠች። መልቀም አልቻለችም እንጂ መዛቅ ትችላለች። ጥልቀቱ ነው የረዳት፤ ምግቡ ሸሽቶ የሚሄድበት ቦታ የለውም።

ነገሩ ይኸው ነው። ዕቃው ጥልቅ ይሁን። በግድግዳ ወይም በድንጋይ ተደግፎ እንዳይገለበጥ፣ ከፍታውም ደረቷ ጋ ይድረስ። ሙሉ ፍሬ ገብስ ለእንዲህ ዓይነቷ ከባድ ነው። ጤፍም ቢሆን ደረቁን አታነሣውም። የተፈጨ መኖ በውሃ ለውሳችሁ ስጧት፣ በጣም ሳይቀጥን፣ እጅ ላይ ተጨብጦ የሚቆም ያህል። የተለወሰ መኖ ቶሎ ይኮመጥጣል፣ ስለዚህ በትንሽ በትንሹ ስጡ፣ ከሰዓታት በኋላ የተረፈውን ድፉ። የሻገተ መኖ በፍጹም አይሆንም፤ ጉበት የሚያበላሽ መርዝ አለው። የተቀቀለ እንቁላል ፈርፍሮ መጨመር ትልቅ ነገር ነው። በዐቢይ ጾም እንቁላል ቤት ውስጥ ሲጠራቀም ደግሞ ሰበብም አያስፈልግም። ካሮት ተፈቅፍቆ፣ ጎመን ተከትፎ፣ ዱባ ተቀቅሎ ቫይታሚን ኤ ይሰጣሉ። በርበሬ ያረፈበት ነገር ቢደርሳት አትደንግጡ፣ ወፎች ማቃጠሉን አይሰሙትም፤ የሚጎዳቸው ጨው ነው። አቮካዶ፣ ቸኮሌትና ቡና ግን ለየትኛዋም ወፍ አትስጡ።

ውሃውም እንዲሁ። ጥልቀት በሌለው ሳህን ላይ የተሻገረ ምንቃር ውሃ አይቀዳም። እስከ አፍንጫዋ በታች ድረስ ምንቃሯን የምትነክርበት ዕቃ አዘጋጁ። ለጫጩት ከሆነ እንዳትሰምጥ ጠጠር ጨምሩበት። ምግቡ እየደረቀ ምንቃሯ ጥግ ስለሚጣበቅ በሁለት ሦስት ቀን በለብ ያለ ውሃ በተነከረ ጨርቅ ጥረጉላት።

ለብቻዋ ትብላ። ዶሮዎች መሐል ማዕረግ አለ፣ የደከመችዋ ከሁሉም በታች ናት። ሌሎቹ ሳይወጡ በፊት ጠዋት ሩብ ሰዓት ብቻዋን ብትበላ ቀኑን ትቋቋመዋለች። እየጠገበች መሆኑን የምታውቁት በመልኳ አይደለም፣ ላባ ይሸፍናል። ማታ ቆጥ ላይ ስትወጣ አንገቷ ሥር ምግብ የሚጠራቀምበትን ከረጢት ዳስሱ። ሞልቶ መሆን አለበት። ደረቷ መሐል ያለውን አጥንትም ዳስሱ፤ ግራና ቀኙ ሥጋ ከሌለውና አጥንቱ ሾሎ ከቆመ ተርባለች። የወጥ ቤት ሚዛን ካላችሁ በሳምንት አንዴ መዝኗት። ከክብደቷ አንድ አሥረኛው ከቀነሰ ነገር አለ ማለት ነው። ትንሿ በቀቀን ግን ሳምንት የመጠበቅ አቅም የላትም፣ አንድ ቀን ሙሉ ካልበላች ድንገተኛ ሕመም ነው።

በሲሪንጅ አፏ ውስጥ መርጨት? ባይሆን ይሻላል። የወፍ አየር መግቢያ ምላሷ ሥር ቁጭ ያለ ክፍት ቀዳዳ ነው፣ ፈሳሽ በቀላሉ ወደ ሳንባዋ ይሄዳል። የግድ ከሆነ በምንቃሯ ጠርዝ ጠብታ ጠብታ፣ ራሷ እየዋጠች ትሂድ።

ላባዋንም አትርሱ። ወፍ ላባዋን የምታጸዳውና ቅማል የምትለቅመው በምንቃሯ ነው። ይቺ ደግሞ አትችልም። ስለዚህ ቅማል ይበዛባታል። ደረቅ አፈርና አመድ የተቀላቀለበት ገንዳ አዘጋጁላት፣ ትንከባለልበት። ክንፏ ሥርና ፊንጢጣዋ ዙሪያ በየሳምንቱ እዩላት።

መሞረድ ሲያስፈልግ

የረዘመው ጫፍ ከምግብ የሚያግዳት ከሆነ ወይም ሁለቱ ጫፎች እየተገፋፉ ጥመቱን የሚያብሱት ከሆነ መሞረድ ይጠቅማል። መቁረጫ ሳይሆን የጥፍር ሞረድ ያዙ። መቁረጫ ቅርፊቱን ይሰነጥቃል።

ማታ አድርጉት። ዶሮ ከጨለመ በኋላ ትደነዝዛለች፣ ከቆጡ ስታወርዷት እንኳ አትንጫጫም። ሁለት ሰው ይሁን። አንዱ በፎጣ ጠቅልሎ ጭኑ ላይ ይያዛት፣ ጭንቅላቷ ብቻ ይውጣ። አያያዙ ላይ አንድ ከባድ ነገር አለ፦ ደረቷን አትጭመቁ። ወፍ እንደኛ ደረትና ሆድን የሚለይ፣ ለመተንፈስ የሚያግዝ ጡንቻ (ድያፍራም) የላትም፣ የምትተነፍሰው ደረቷን ከፍ ዝቅ በማድረግ ነው። ጠበቅ አድርጎ ያቀፋት ሰው ሳያስበው ያፍናታል። የፎጣውን ጫፍ ዐይኗ ላይ ጣል ማድረግ ያረጋጋታል።

ከዚያ የስልካችሁን መብራት ከምንቃሩ ጀርባ አብሩ። ምንቃሩ ነጣ ያለ ከሆነ ደም ያለበት ክፍል ቀላ ብሎ ይታያችኋል። ከዚያ ወዲያ ያለው ብርሃን የሚያሳልፈው ጫፍ ብቻ ነው የሚነካው። ጥቁር ምንቃር ላይ ይህ አይታይም፣ ስለዚህ እጅግ በጣም በትንሹ። ወደ አንድ አቅጣጫ ሞርዱ፣ ወዲያ ወዲህ አይደለም። ጥቂት ሞርዳችሁ ቆም በሉና እዩ። ቀለሙ ወደ ሮዝ ሲቀየር፣ ወይም ጭንቅላቷን ስትነጥቅ፣ አበቃ። "አሁን ከጀመርኩት አይቀር ልጨርሰው" የሚባል ነገር የለም። ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ትመለሱበታላችሁ። በየጊዜው ትንሽ ሲቀነስ የውስጡ ደም ሥርም ወደ ኋላ የማፈግፈግ ዕድል ያገኛል።

ከደማ ንጹሕ ጨርቅ ላይ የበቆሎ ስታርች ወይም የፉርኖ ዱቄት አድርጋችሁ ለጥቂት ደቂቃ ሳታነሡ ተጫኑት። ካልቆመ ሐኪም ጋ ነው። ለሕመሟ ብላችሁ የሰው ማስታገሻ አትስጧት። ላስቲክ ማሰር፣ በፕላስተር መጠቅለል፣ በሱፐር ግሉ ማጣበቅ የሚባሉትን ምክሮችም እርሷቸው።

ሞረድ እንዳይበዛ የሚያደርግ ቀላል ነገር አለ። በሰጋቱራ ላይ ታስራ የምትውል ዶሮ ምንቃሯን የምትሞርድበት የላትም። ሻካራ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም የብሎኬት ስባሪ አስገቡላትና ከለወሳችሁት ትንሽ ላዩ ላይ ቀቡት። ስትበላ ትሞረዳለች። ለበቀቀን ቀለም ያልተቀባና መድኃኒት ያልተረጨበት የምትቦረቡረው እንጨት ስጧት።

ጫጩት በቀቀኖች ላይ ግን ተስፋው ከዚህም ይሰፋል። አጥንታቸው ገና ሳይጠነክር ከተደረሰባቸው የወፍ ሐኪም በጣት በቀን ብዙ ጊዜ ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ መግፋትን ያሳያችኋል። ከበድ ሲል ታችኛው ምንቃር ላይ በጥርስ ሐኪም ማቴሪያል ትንሽ ተዳፋት ይሠራና ላይኛው በተዘጋ ቁጥር ወደ ቦታው እንዲንሸራተት ይደረጋል። ጊዜው ካለፈ ግን ይህ አይሠራም። ስለዚህ ጫጩት ላይ ትንሽ ዘንበል ያለ ነገር ስታዩ "ሲያድግ ይስተካከላል" ብላችሁ አትተኙ።

ሐኪምና መድኃኒት

እውነቱን እንነጋገር፤ የወረዳ የእንስሳት ክሊኒክ ሥራው በግና ከብት ነው። ዶሮ ታቅፋችሁ ስትገቡ የሚስቅ አይጠፋም። ቢሆንም ሂዱ፣ በተለይ ደም ካልቆመ፣ አጥንት ከተሰበረ፣ አፍ ውስጥ ቁስል ካለ ወይም ችግሩ በአዋቂነቷ ድንገት ከመጣ። ከፊትና ከጎን ፎቶ አንሥታችሁ፣ የምትበላውን መኖ በላስቲክ ይዛችሁ፣ መቼ እንደጀመረ ጽፋችሁ ሂዱ። ከዚያ በላይ ከፈለጋችሁ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለው ቢሾፍቱ ነው።

አይቨርሜክቲንን ለብቻው ላንሣው፣ ምክንያቱም በግ ያለው ቤት ሁሉ አለ። የእከክ ተባይን የሚገድል መድኃኒት ነው፣ ልክ ነው። ግን ሒሳቡን እዩት። ለወፍ በብዛት የሚሰጠው በኪሎ 0.2 ሚሊግራም ነው። 35 ግራም የምትመዝን በቀቀን 0.007 ሚሊግራም ብቻ ያስፈልጋታል። የከብቱ መርፌ በአንድ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊግራም ስላለው የሷ ድርሻ 0.0007 ሚሊ ሊትር ነው፤ በየትኛውም ሲሪንጅ አይለካም። "አንዲት ጠብታ ምን ታደርጋለች" ብሎ የሰጠ ሰው ከሚገባት በብዙ እጥፍ ሰጣት ማለት ነው። አሟሙቶ፣ ለክቶ የሚሰጥ ባለሙያ ይስጣት።

የታመመች ወፍ ሙቀት ትፈልጋለች፣ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ። ሙቅ ውሃ የሞላ ፕላስቲክ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከጎኗ አስቀምጡ። ከሰል አጠገብ ግን አታድርጓት። የወፍ ሳንባ ከኛ ይልቅ ለጭስና ለጋዝ ስስ ነው፣ ሰው ራሱን ሳያመው ወፏ ቀድማ ትሞታለች።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ውሃ መጠጣት የማትችል፣ ደረቷ አጥንት ብቻ የሆነች ወፍ ካለች ማቆየቱ ለእሷ አይደለም። ያን ማለት ይከብዳል፣ ግን ሳትሠቃይ እንድትሞት ማድረግ ደግነት የሚሆንበት ጊዜ አለ። እየበላች፣ እየጫረች፣ እየተቆጣች ያለች ዶሮን ግን ምንቃሯ ስላስጠላ ብቻ ማረድ ምክንያት አይሆንም።

እንቁላሏ ይበላል ወይ ለሚለው፣ ይበላል። ጥመት ወደ እንቁላል አይገባም። መድኃኒት እየወሰደች ከሆነ ብቻ ሐኪሙ የነገራችሁን ያህል ቀን ጠብቁ። ለማስፈልፈል ግን የሷን እንቁላል አትጠቀሙ፣ ከጫጩትነቷ ጀምሮ የተጣመመባት ከሆነ ወንድምና እህቶቿንም ለዘር አትያዙ፣ አውራውንም ከሌላ መንደር ቀይሩ። መታቀፍ ካማራት የጎረቤት እንቁላል ከሥሯ አድርጉላት፤ ሙቀቷ ምንም አልሆነም። ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ ግን እንደ ሌላ እናት ፍሬ አንሥታ ልታሳያቸው ስለማትችል፣ የጫጩት መኖውን በዝቅተኛ ዕቃ እናንተው አጠገባቸው አድርጉላቸው።